ነጭ ሳር ላይ የአባባ ወንበር

ለተወደድከው ወንድሜ ለዮሴፍ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ሱቅ ውስጥ እንደቆምክ ትውላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና መሆን ይህ ከሆነ ማለቴ ነው። በስልክ ስለ ጉዞው ስትጠይቀኝ "ጥሩ ነበር" ብዬ የዘጋሁብህ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወደ ጆሃንስበርግ ይሄዳል ሲሉኝ በእሱ እጅ እንዲደርስህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እንዳልከው እማዬን ነጭ ሳር ወስደናታል። አባባ "የሜዳ አህያ ሳላሳይሽ አልሞትም" ይላት እንደነበር ታውቃለህ። ሰኔ ላይ ሳያሳያት ሞተ። ከቀብሩ ወዲህ እማዬ ግድግዳ ስታይ ከመዋል በቀር አታለቅስም፣ ከሰውም አትነጋገርም ነበር። አንተም "ከቤት ትውጣ፣ እሷንም እንዳናጣ" እያልክ የወተወትከው ለዚሁ ነው። ላንድክሩዘር ይዞ የመጣው የአባባ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሾፌሩ ወልደመስቀል ነው። እማዬ፣ እኔና ልጄ ሩት ከኋላ ተቀመጥን። አባባ መኪና ውስጥ ሁሌም ከፊት ነበርና እማዬ ኮቱን አጥፋ የፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሩት ከፊት ካልሆንኩ ብላ ብታለቅስም በእጇ ከለከለቻት።

ጥፋታችን ልብሳችን ነበር። ለሽርሽር ተብሎ ከል አይወልቅምና ጥቁራችንን እንደለበስን ወጣን። የተበላን ከተማ አልፈን ምዕራብ አባያ ስንደርስ ሙዝ ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ሊሮጡ ብለው ሲያዩን ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለችን። ሙዝ ሳንገዛ አለፍን። የፓርኩ በር ላይ ደግሞ ጩማ የሚባለው ስካውት፣ የአራዊቱ ጠባቂ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለቅሶው የት እንደሆነ ጠየቀ። ወልደመስቀል የሜዳ አህያ ልናይ ነው ሲለው ሰውየው ግራ ገባው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ያለ ስካውት ወደ ሜዳው አይገባም፤ ስካውቱ ደግሞ መንገድ የሚያሳየው ከፊት ተቀምጦ ነው። ወልደመስቀል ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ እማዬ። እንመለስ ልል ስል እማዬ ጎንበስ ብላ ኮቱን አነሳችና ጭኗ ላይ አድርጋ "ይቀመጥ እንጂ፤ ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሟል" አለች። ከሰኔ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር አልሰማሁም።

ሣሩ ነጣ ብሎ እስከ ተራራው ድረስ ተዘርግቷል። የሜዳ አህዮቹ በመንጋ ቆመው አዩን፤ ቆርኬዎቹ ራቅ ብለው ይግጡ ነበር። ሩት ዘለለች። እማዬ ማታ የት እንደሚያድሩ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው በወላይትኛ ጩማን ትጠይቀው ጀመር። ጭነት ስለማያውቁ ነው እንዲህ የወፈሩት አለች። ከዚያ ፊቷን በኮቱ ሸፍና አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች። ጩማ እንዳያያት ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። ሲወጣላት የጎደሬውን ቅቅልና ማባያውን ዳጣ አውጥታ ለሁላችንም አቀረበች፤ ራሷም በላች።

እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ድንኳን ያስተከልኩት እኔ፣ እንግዳ ያስተናገድኩት እኔ፣ አንተንም በስልክ ያጽናናሁህ እኔ ነኝ። ለማልቀስ ጊዜ ሳጣ ከረምኩ፣ በዚያው ቀረ። አሁን ምግቡም ሰዉም አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ሩት ስትስቅ ከሩቅ ይመስለኛል። ወልደመስቀል ከመኪናው ወርዶ ያነሳንን ፎቶ ልኬልሃለሁ። እማዬና ሩት አህዮቹን ያያሉ፤ እኔ የማየው የጩማን ማጅራት ነው። በአባባ ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦ እያየሁ አልከፋኝም። የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

እማዬ ብርድ እንዳይመታህ ተጠንቀቅ ብላለች፤ ትናንት በዶሮ ምክንያት ከጎረቤት ተጣልታ ስትጮህ ውላለች። ሩት የሜዳ አህያ ሥላልሃለች፤ ነጩን መስመር ረስታዋለች። ወልደመስቀልም ሰላም ይልሃል። መቼ እንደምትመጣ በጠየቅኩህ ቁጥር "እማዬ ከባሰባት እመጣለሁ" ትለኛለህ። እማዬ ተሽሏታል፤ ለእሷ ብለህ አትምጣ። ለእኔ ና።

እህትህ ሰገነት
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.