ሰባት ወር ስለረሱኝ ምስጋና

ለተከበሩ የብድርና ቁጠባ ማኅበራችን የብድር ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና የስንቱን ቤት ጓዳ ለሚያውቀው ማኅተምዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በሙያዬ መጽሐፍ ጠራዥ፣ በመዝገብዎ ተበዳሪ፣ በጓደኞቼ ዘንድ ደግሞ «ሒሳብ በእኔ» እየተባልኩ የምጠራ አባልዎ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዕዳዬን ጨርሼ ስለከፈልኩ ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንዳደርስ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ/ በብድር ማመልከቻዬ ላይ «ለቤት እድሳት» ብዬ ስጽፍ በሙሉ ልብዎ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። አዲስ የሆኑት ሶፋውና ግድግዳውን የሚያክለው ቴሌቪዥን ብቻ ነበሩ፤ ጣራው ማፍሰሱን ቀጠለ። ከማን አንሼ ብዬ የዋሸሁት እኔ ብሆንም፣ ብቅ ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ልከው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሶፋው ላይ አረፍ ብሎ ይመለስ ነበር።

2ኛ/ መክፈል ባቆምኩ ጊዜ በደብዳቤም በስልክም ስላላስቸገሩኝ አመሰግናለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ጠያቂ ሲጠፋ፣ ስሜ ከመዝገብዎ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ፣ እንዳላስታውስዎ በጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ማለፍ ተውኩ። በዚያው ሰሞን ዋስ የሆነችኝ ታላቅ እኅቴ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ የመነጽሯን እጀታ በክር አስራ ትምህርት ቤቷ ድረስ በእግሯ መመላለስ ጀምራ ነበር። እኔም በእናታችን ቤት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት የእሑድ ምሳ ላይ፣ ደመወዟን እንደቋጠረች የምትሞት ቆንቋና ናት ብዬ ቀለድኩባት። ሁሉም ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ሳህን ማንሳት ጀመረች።

3ኛ/ ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተጨማሪ ብድር ልጠይቅ ስመጣ፣ ገንዘብ ያዥዎ የቀድሞው ብድሬ ወር ሳይዛነፍ እየተከፈለ መሆኑን ገልጻ ዝርዝሩን ስለሰጠችኝ አመሰግናለሁ። ከሰባቱም ወራት ትይዩ የእኅቴ ስም ነበር። ከደመወዟ እንዲቆረጥ ለትምህርት ቤቷ የጻፉት ደብዳቤም ከነፊርማዎ ተያይዟል። ለእኔ ግልባጭ ለማድረግ ወረቀት አጥሮዎት ከነበረ፣ እኛ ማተሚያ ቤት ቁርጥራጩ ሞልቷል። ደንብ አልጣሱም፤ ዋስ ማለት ይኸው ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ብዬ ሁሉን በእርስዎ ላላክክ አሰብኩና አፌ እንቢ አለኝ። እሷ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም ስትል፣ እኔ እሷ በምትከፍልበት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። አፈርኩ፤ ዛሬም ድረስ አፍራለሁ።

4ኛ/ የማኅበርዎ ስም ያላስተማረኝን ቁጠባ እኅቴን እያየሁ ተማርኩ። ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ሸጥኩ፤ ከሦስት ክፍል ወደ አንድ ክፍል ወረድኩ፤ ምሳዬን ይዤ በእግሬ ሥራ እገባለሁ፤ ካፌ ውስጥም ለሌላው ሁሉ መክፈል ተውኩ። ጓደኞቼ ከዕዳዬ ቀድመው አለቁ። በአሥራ ስድስት ወር የእርስዎን ቀሪም፣ የእሷንም ሰባት ወር መለስኩ። እሷ ገንዘቡን ተቀብላ መነጽሯን አሠራች። ስለዚያ እሑድ ግን አንድም ቃል አልወጣትም፤ እኔም ሦስት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ።

ደብዳቤው ለምን ግልጽ ሆነ ቢሉ፣ የሰደብኳት በሰው ፊት ስለነበር ነው። እሷም የማኅበራችን አባል ናትና በወሩ መጨረሻ ቁጠባዋን ልታስገባ በዚህ ሰሌዳ ፊት ስለምታልፍ፣ እባክዎ እስከዚያ እንዳያስነሱት። እታለም፣ ቆንቋናው እኔ ነበርኩ። ይቅር በይኝ።

ጊዜዎን በማባከኔ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማይደክመው ብዕርዎ ረጅም ዕድሜን የምመኝ፣
ከዕዳ ነጻ፣ ከጥፋት ግን ገና ያልነጻሁት አባልዎ፣
መጽሐፍ ጠራዡ፣ የቀድሞው «ሒሳብ በእኔ»

ማሳሰቢያ፦ ዕዳዬን በጨረስኩ ማግስት ለታማኝ አባል ብለው የላኩልኝ አዲስ የብድር ቅጽ ደርሶኛል። በዋስ ቦታ የእርስዎን ስም ሞልቼ አያይዤዋለሁ። ከመፈረምዎ በፊት ግን የመነጽርዎ እጀታ ጠንካራ መሆኑን ያረጋግጡ።