ሴልፎን የሚሉት የት ነው?

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 9

ለወንድሜ ለረምዚ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሙቀቱ በቀር ሁላችን ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ፣ ትምህርቱስ እንዴት ነው?

ደስ የሚል ወሬ አለኝ! ወደቡ በር አጠገብ የስልክ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ የመርከበኛውን አገር በአንድ ቃል አውቃለሁ። እንግሊዙ «ሞባይል» ይላል። የማሌዥያው እንዳንተው «ሃንድፎን» ነው የሚለው። ትናንት አንዱ «ሴልፎን አለሽ?» ሲለኝ፣ «የደቡብ አፍሪካ ሰው ነህ!» አልኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?» ብሎ እየሳቀ፣ «በአገሬ አሁን ብርዱ አይጣል ነው» እያለ ሁለት ገዛ።

የሐሙስ የድምፅ መልእክትህን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «የጠፋሁት ሴልፎኔ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው፤ እዚሁ ማሌዥያ ነኝ» ብለሃል። እማዬ ድምፅህ መጎርነኑን ሰምታ «ልጄን ብርድ መቶታል» ብትል፣ «ማሌዥያ ደግሞ ምን ብርድ አለ!» ብዬ አሳቅኳት።

እኔ ግን ወፍራም ጃኬት ገዛሁልህ። ይህ ደብዳቤ በስልክ ይደርስሃል፤ ጃኬት በስልክ አይላክም። ከዚህ ወደብ የማይደረስበት አገር የለምና የምትኖርበትን ከተማ በትክክል ጻፍልኝ። መልስህን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ ናዒማ