የመኪና ጀርባ ለሚያነበው በራችን

ለክቡር ጎንግ ሺሊን
የቀይ ጥድ ሠራተኞች መኖሪያ ግቢ የጥበቃና የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የሞቀ፣ ሻይዎም ያልበረደ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የሰባተኛው ሕንፃ ነዋሪዎችም በረዶው ካልጣለን ደህና ነን።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ላመሰግንዎ ይገባል። ዕድሜዬን በሙሉ በሰሜኑ ፋብሪካ የመኪና በር ስገጥም ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ስለ መኪና የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። የመኪና ማንነት በጀርባው እንደሚታወቅ ያስተማረኝ የእርስዎ መመሪያ ነው። እንደሚያውቁት ያ የውጭ ኩባንያ እዚህ አገር ሁለት ሸሪኮች አሉት፤ አንዱ የኛ የሰሜኑ ፋብሪካ ነው፣ ሌላው የደቡቡ። መኪኖቹ የሚሠሩት በአንድ ንድፍ ነው፤ ከፊት ያለው ዓርማም አንድ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ግን የፋብሪካው ስም በኛ ፊደል ይለጠፋል። በመመሪያዎ መሠረት የኛ ስም ያለበት ይገባል፣ የነሱ ስም ያለበት ከበር ውጭ ይቀራል።

አንደኛ። ባለቤቴ ፌንግሺያ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን አማቻችን ፓን ዌይ በመኪናው አመጣት። ልጁ የደቡብ ሰው ነው፤ መኪናውም እንደዚያው። የበሩ ጠባቂ ጋሽ ታን የቼዝ ባልንጀራዬ ነው፣ መመሪያ ግን መመሪያ ነውና መኪናውን ዞሮ ከኋላ አየውና አንገቱን ደፋ።

«ሉዋን ወንድሜ፣ ፊቱ የኛ ነው፤ ኋላው ግን የነሱ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ እግሯን በኋላ ወንበር ላይ እንደዘረጋች መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ያለሁት ከኋላ ነው» አለችው፤ «እንግዲህ የነሱ ሆኛለሁ ማለት ነው?»

ከብዙ ምክክር በኋላ ጎረቤቶቻችን ለብርዱ ወራት የሚከማቸውን ጥቅል ጎመን የሚያመላልሱበትን ጋሪ አመጡና በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንናት። ጋሪው ላይ የማንም ፋብሪካ ስም ስላልተጻፈ በነፃ አለፈ። በየጉብታው ስታቃስት ግን እስከ ሦስተኛው ሕንፃ ድረስ ተሰምቷል፤ እርስዎ የሚኖሩት አንደኛው ውስጥ ስለሆነ እንቅልፍዎን እንዳልረበሸችብዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛ። አማቼ ቀልድ ይወዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ የመኪናውን ጀርባ የሸፈነውን በረዶ ሳይጠርግ መጣ፣ ስሙ እንዳይታይ። እርስዎ ግን ለጋሽ ታን መጥረጊያ ሰጥተውት ኖሯል፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጥንቃቄ ጠረገለት። በዚህ ዓመት በግቢያችን የተጠረገው በረዶ ያ ብቻ ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከበሩ እስከ ሰባተኛው ሕንፃ ያለው መንገድ ግን ዛሬም እንደ መስታወት ያበራል።

ሦስተኛ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ፣ «ለፋብሪካው ፍቅር ካለህ በራስህ መኪና አመላልሳት» ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። ምክርዎ ወርቅ ነው። የኔ መኪና የሰሜኑ ነው፣ በሮቹንም የገጠምኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ስለዚህ ሁለቱን መኪኖች ያለ አድልዎ ላወዳድርልዎ። የኛ ሞተር በብርድ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይሞቃል፤ በሩ ሲዘጋ የሚሰጠውን ድምፅ የደቡቦቹ ሌላ መቶ ዓመት ቢሠሩ አያገኙትም። ይህንን ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የኛ ወንበር ደረቅ ነው፣ ጠጠር ሲረግጥ ጠጠሩን ለተሳፋሪው ወገብ ያስረክባል። የደቡቦቹ ደግሞ ያንኑ ንድፍ ተቀብለው ከኋላ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አስረዝመውታል፣ ምናልባት አማቶቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ። ሐኪሙ ፌንግሺያ ዳሌዋን አጥፋ እንዳትቀመጥ አስጠንቅቋታል። በኔ መኪና ሞከርናት፤ ጉልበቷ ከፊት ወንበር ጋር ተጋጨና እንባዋ መጣ። እግሯ የሚዘረጋው በዚያች አንድ ስንዝር ተኩል ውስጥ ብቻ ነው።

አራተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፣ ትናንት ግን ተፈጠረ። ባለቤቴ ማክሰኞና ዓርብ ለእግር ማሠልጠኛ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ካቋረጠች እግሯ እንደ ደረቀ ይቀራል ብለውናል። እሷ ግን ትናንት ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለችውና፣ በጎመን ጋሪ ከመመላለስ ቤት ተቀምጬ ብደርቅ ይሻለኛል አለች። ይህች ሴት በፋብሪካው የቀለም ክፍል ስትሠራ ወገቧ እስኪሰበር የቆመች ናት፤ ተቀምጣ መቅረት የሚያምርባት አይደለችም። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አስቂኝ ፊትም ሠራሁ። አልሆነም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ያቺ የአማቼ መኪና እስከ ሰባተኛው ሕንፃ ደጃፍ እንድትገባ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የግቢው ክብር እንዳይነካ ጀርባዋን በአልጋ ልብስ እሸፍናለሁ፤ የአልጋ ልብሱም በሰሜን የተሠራ ነው።

የመመሪያዎ አድናቂ፣ የበርዎ ታዛዥ፣ ጊዜ የተረፈው ጡረተኛ
ሉዋን ዴፉ፣ ሰባተኛ ሕንፃ፣ ምድር ቤት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ስልክ ሲደውል በባለቤቴ ዳሌ ውስጥ የተገጠመው ብረት የት እንደተሠራ ጠየቅሁት። ንድፉ የውጭ ነው፣ የተመረተው ግን ደቡብ ባለ የሽርክና ፋብሪካ ነው አለኝ። እንግዲህ በመመሪያዎ መሠረት ሴትዮዋ ራሷ ከበር ውጭ ልትቆም ነው። ሊያጣሩ ከፈለጉ እባክዎ ጋሽ ታንን አይላኩብኝ፣ የቼዝ ባልንጀራዬን ማጣት አልፈልግም። እርስዎ ራስዎ መጥተው ከኋላዋ ያንብቡ፤ ጫፉ ብረት የሆነ ከዘራ ከሆስፒታል እንደተሰጣት ግን አስቀድሜ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።