ነጥብ ያልተሰጠው አልበም

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያው የሙዚቃ ክፍል ኃላፊና የ«እስኪ መልሰን እንስማው» ዝግጅት አቅራቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በተለይም በሕዝብ አደራ የተሸከሟቸው ሁለቱ ጆሮዎችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ በማይዘጋበት የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ስሰፋና ሙጫ ስቀባ የእርስዎ ድምፅ ተለይቶኝ አያውቅም። ከባለቤቴ ድምፅ ይልቅ የእርስዎን አብዝቼ ሰምቻለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ባለቤቴም ይህን ያውቃል። ስለዚህ እንደ ባዳ አይቁጠሩኝ።

ደብዳቤውን በአደባባይ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። በስምዎ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ለእርስዎ የሚደርሰው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ሌላ ሰው ያደነቀው መሆን ይኖርበት ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ምስጋና አለብኝ። ባለፈው ሐሙስ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሰማይ ያደረሱትን «የማይደገም» የተሰኘ አልበም መልሰው በመስማት፣ ጊዜ እንዳልቻለው ነግረውን ከአሥር አራት ሰጡት። ያኔ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው፣ የልጅ ልጆቻችን ይወርሱታል ብለውን ነበር። የማይደገመውንም በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደገሙልን፤ ሙጫው እስኪደርቅ እጄን አጣጥፌ ስለምቀመጥ ቆጥሬዋለሁ። ሰው ስሕተቱን ሲያምን ይከበራል። በሳቅ ሲያምን ምን እንደሚባል ግን እኔ የምጠርዛቸው መዝገበ ቃላት አልነገሩኝም።

ሁለተኛ፤ በዚያው ዝግጅት «ለመሆኑ ያኔ ምን ነክቶን ነው?» ብለው ሲጠይቁ እንግዳዎ «ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረማ» ሲል መለሰልዎት። እርስዎም «እሱስ እውነትህን ነው» አሉና ወደ ማስታወቂያ አለፉ። እኔ ወደ ማስታወቂያ ማለፍ አልቻልኩም። መርፌውን ወረቀቱ ላይ እንደ ተሰካ ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ፣ ሽፋን የምትለጥፈዋ ሴት፣ ምን ሆነሽ ብላ ተከትላኝ ብትመጣ ወንድሜ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳት። እሷም ወንድሜ ከሞተ ገና ዓመቱ ስለሆነ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም።

እንግዲህ ያ «ያልነበረ ነገር» ምን እንደሆነ በትሕትና ላስረዳ።

ታናሽ ወንድሜ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር። የሰፈር ሰው «ዝምታ» ይለው ነበር፤ እናታችን ደግሞ ዝምታ ወርቅ ነው እያለች ስሙን ማሞገሻ አድርጋለት ነበር። ቀን ቀን ሰው ፎቅ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ሲመለስ ከእኔ መኝታ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ኪቦርዱ ላይ ይጎነበሳል። ድምፅ እንዳይገባበት ግድግዳውን በፍራሽ ሸፈነው። የራሱ ፍራሽ አልበቃ ሲለው የእኔንም ጠየቀኝ። ሦስት ወር በምንጣፍ ላይ ተኝቻለሁ። ወገቤን እያልኩ ባጉረመርምም፣ ታናሽ ወንድም አንዴ «እትዬ» ብሎ አንገቱን ከደፋ ፍራሽ ቀርቶ ሌላም ይሰጣል።

ስምንት ዘፈን ሠራ። ግጥሙም ዜማውም ድምፁም የራሱ ነበር። አልበሙን «ፎቅና ምድር» አለው፤ በሥራው መቀለዱ ነበር። አምስት መቶ ቅጂ አሳትሞ ሳጥኖቹን ቤት ባስገባበት ሳምንት የእርስዎ «የማይደገም» ወጣ።

ሦስተኛ ብዬ መቁጠር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ለቅሬታ ቁጥር መስጠት የሚቻለው ቅሬታው ከቅሬታ አቅራቢው ሲለይ ብቻ መሆኑን እየጻፍኩ ተረዳሁ። ስለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዝም ብዬ ልንገርዎ።

ወንድሜ የዕረፍት ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በመጀመሪያው ማክሰኞ የአባታችንን ኮት ለብሶ፣ ሲዲውን በደረት ኪሱ ይዞ ወደ ጣቢያችሁ መጣ። የእንግዳ መቀበያዋ ሴትዮ ደግ ሰው ነበሩ፤ ወንበር ሰጡት። ክፍሉ በ«የማይደገም» ልዩ ሳምንት ስለተጠመደ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለስ ተባለ። ተመለሰ። ልዩ ሳምንቱ ልዩ ወር ሆኖ ጠበቀው። እንደገና ተመለሰ። ሲዲውን ትቶት እንዲሄድ ቢነገረውም በእጅ ካልሰጠሁ ከሌላው ክምር ጋር ይደባለቃል ብሎ እንቢ አለ። በዚህ አጥፍቷል፤ አልሸሽግም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ የእኛ ቤት ሰው ደግሞ ሁለቱንም ነው።

በአምስተኛው ማክሰኞ የሆነውን እርስዎ ያስታውሱታል። የሕንፃችሁ ሊፍት በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ውስጡ እርስዎና ሁለት ባልደረቦችዎ ነበራችሁ። ዘበኛው ቁልፍ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ መቀበያው ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት ኮቱን አውልቆ ተነሣ። ደረጃውን ወጥቶ፣ የማሽኑን ክፍል አስከፍቶ፣ የሊፍቱን ሳጥን በእጁ ቀስ እያደረገ እስከ ሦስተኛው ፎቅ አወረደውና በሩን ከፈተላችሁ። እርስዎ በላብ ተጠምቀው ወጡ። እጁን በሁለት እጅዎ ጨብጠው «ዕድሜህ ይርዘም፣ ወንድሜ» አሉት።

እሱ ኮቱን ለብሶ ወደ ቤት ተመለሰ። ማታ ይህን ሲነግረኝ ሲዲውን ሰጠኸው ወይ አልኩት። አልሰጠሁትም አለ። ለምን ብዬ ጮኽኩበት።

«እትዬ፣ ሰውየው እጄን አልለቅ ብሎ ነበር እኮ። እንዲህ ያለ ሰዓት ስለ ራስ አይወራም» አለኝ።

ለእርስዎ አዲስ የሚሆነው ይህ ነው፤ ለእኔ አዲስ ያልሆነው ደግሞ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የተናገሩት ነው፤ በሥራ ቦታዬ ሆኜ ሰምቼዋለሁና። ሊፍት ውስጥ ተይዘው እንደነበር፣ ራስዎን ለማረጋጋት «የማይደገም»ን ያንጎራጉሩ እንደነበር፣ አንድ ስሙን ያልጠየቁት ወጣት እንዳወጣዎት በጥሩ አንደበት አወሩ። ከዚያም «ለዚያ ለማላውቀው ልጅ ግብዣዬ ይሁን» ብለው የዚያኑ አልበም ሦስተኛ ዘፈን አሰሙት። እኔ ያ ልጅ የእኔ ወንድም መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር። ወረቀቴን እያጠፍኩ አብሬዎት ዘፈንኩ።

አዎ፣ ዘፈንኩ። እርስዎን ብቻ ከስሼ ብጨርስ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆንብኛል። «የማይደገም»ን እኔም ገዝቻለሁ። ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብሎ፣ እኔ በዚህኛው በኩል ድምፁን ከፍ አድርጌ ልብስ አጥቤበታለሁ። ቀለበት ባሰርኩበት ቀን የተጨፈረው በእሱ ነው፤ ድምፅ ማጉያውን የገጠመልንም ወንድሜ ነበር። የእሱን አልበም ግን፣ ይኸው በአደባባይ ልናገር፣ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሲሠራው በግድግዳ በኩል ስሰማው ስለከረምኩ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ከዘጠነኛው ማክሰኞ በኋላ መመላለሱን ተወ። አልተቆጣም፣ አላማረረም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መተኛት ጀመረ። የተወሰኑትን ቅጂዎች ለሥራ ጓደኞቹ አደለ፣ የቀሩትን ሳጥኖች እኔ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት አስቀመጥናቸው። ኪቦርዱን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠ። አሥራ ሦስት ዓመት ሊፍት ጠገነ። አምና ኩላሊቱ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ በክፍሉ የነበረች አንዲት ነርስ ትንሽ ሬዲዮ ትከፍት ነበርና የእርስዎን አዲስ ዝግጅት አብረን እንሰማ ነበር። የድሮ አልበሞች ሲመዘኑ በጥሞና ያዳምጣል። አንድ ቀን ነጥብዎን ከመስጠትዎ በፊት ስድስት ይሰጠዋል ብሎ ገመተ፤ ስድስት ሰጡት። ደስ አለው። የአንተንስ ቢመዝኑት ስንት ይሰጡህ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ይሰሙታ» አለ። በሁለተኛው ሳምንት አረፈ።

እንግዲህ ባለፈው ሐሙስ ሌላ የሚሰማ ነገር እንዳልነበረ ከተነገረኝ በኋላ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ አንዱን ሳጥን ከፈትኩ። በምሳ ሰዓት ከሽፋን ለጣፊዋ ባልደረባዬ ጋር ሆነን፣ በእርስዎ ሥርዓት፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን፣ ስምንቱንም ሰማናቸው። ባልደረባዬ የምትወደውን የማታደንቅ፣ የማትወደውን የማትምር ሴት ስለሆነች ዳኝነቷን ይመኑት።

የመጀመሪያው ዘፈን ደካማ ነው። ሁለተኛው ረዘመ። አራተኛው ላይ ኪቦርዱ እንደ በር ደወል ይጮኻል፤ ባልደረባዬ ጆሮዋን ያዘች፣ እኔም አልፈረድኩባት። ጊዜ ያልቻላቸው ነገሮች እዚህም አሉ፤ እኔ እህቱ ነኝ ብዬ አልክድም። አምስተኛው ላይ ግን እርሳሷን አስቀመጠች። ስድስተኛው ሲመጣ እኔም የእኔን አስቀመጥኩ። ፎቅ ላይ ሰው እንዲጠራው የሚጠብቅ ሰው ነው የሚዘፍነው፤ «ደወሉን ብትጫኑት፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ይላል፣ ሌላ ብዙም አይልም። በወፍራሙ፣ በማይቸኩለው ድምፁ ነው የሚለው። ዛሬ ጠዋት የተዘፈነ ይመስላል።

የዘፈኑ መጨረሻ ላይ፣ ዜማው ሊያልቅ ሲል፣ ከሩቅ አንዲት ሴት እራት ቀረበ እያለች ትጣራለች። እኔ ነኝ። ከዚያ ወንድሜ ይስቃል። ቆርጦ ሊያወጣው ይችል ነበር፤ ተወው። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ስለነበር ሳቁን ከነድምፁ የሰማሁባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ እንዴት እንደነበረም ረስቼው ነበር። ባልደረባዬ ማጫወቻውን አጥፍታ ሙጫ ልታሞቅ ሄደች፤ ሙጫው ግን የሞቀ ነበር።

ስትመለስ የቀሩትን ሁለቱን ሰማንና ሰባት ከአሥር ሰጠችው። አራተኛው ባይኖር ስምንት ይሆን ነበር አለች።

የተከበሩ ሆይ፣ አልበሙን እንዲያሰሙልኝ አልጠይቅም፤ ሲዲም አልላክሁም። ወንድሜ በእጁ ሊሰጥ ይፈልግ ስለነበር በሌላ እጅ ማድረሱን አልደፈርኩም። የምጠይቀው አንድ እርማት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዝግጅትዎ፣ ከማስታወቂያው በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ «ሌላ የሚሰማ ነገር ነበር፤ ያልነበርነው እኛ ነን» ቢሉ በቂዬ ነው። አንድ አረፍተ ነገር ናት። ሊፍት ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ተብላ ታልቃለች።

ጆሮዎችዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎት፣ ጊዜዎን ያብዛልዎት፣ ዛሬ የሚያወድሱትንም ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ለመሳቅ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት እያልኩ፣ በጥልቅ አክብሮትና ባልተነካ ትዝብት እሰናበታለሁ።

የዘወትር አድማጭዎ፣
የመጽሐፍ ጠራዧ፣ የሊፍት ጠጋኙ ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የ«የማይደገም» ዘፋኝ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ እርስዎ አርባን አልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት አልበም ማውጣቱን የሰማሁት ትላንት ሱቅ ጠይቄ ነው፤ ጣቢያዎ አንዱንም አላነሣም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ አራት ከአሥር ሰጥተው ሲስቁበት፣ ያን ልጅ ሰማይ ያወጣው ማን እንደነበረ አንድም ጊዜ አልጠቀሱም። እኔ በበኩሌ ዘፈኖቹን ከእንግዲህ አልወዳቸውም። ነገር ግን እሱም እህት ይኖረዋል፤ ባለፈው ሐሙስ ሥራ ቦታዋ ላይ ሬዲዮ ከፍታ ነበር ይሆናል።