ስምህን ያልጠራችው ሚስትህ

ደባርቅ፣ በወርኃ ጽጌ

ልጄ ሆይ፣

እንደምን አለህልኝ? ብርዱስ እንደምን ይዞሃል? የስሜንን ውርጭ የለመደ ገላ በሰው አገር ብርድ አይበገርም እያልሁ እጽናናለሁ፤ ነገር ግን በስልክ ስታስል ሰምቼሃለሁ፤ የደበቅኸኝ እንዳይመስልህ። እኔ ኪዳነ ምሕረት ትመስገን ደህና ነኝ። እህል ይጥመኛል፤ እንቅልፍም አላጣሁም። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል ይሉኛል። ላሚቱም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባረ ቦቃ ናት ብላ ሚስትህ ነግራኛለች።

መስመሬ ቢወላገድ አትሳቅብኝ። መሠረተ ትምህርት ስንማር በማስመሪያ አስደግፋችሁ ጻፉ ይሉን ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው እያደረግሁ ነው። ይህን በስልክ ያልነገርሁህ፣ ደውላ በጆሮዬ ላይ የምትይዝልኝ ሚስትህ ስለሆነች ነው። ይህን ወረቀት ወዳንተ አገር ለሚመለሰው ለአምባ ጊዮርጊሱ ሰው የምሰጠው እሷ ገበያ ስትወርድ ጠብቄ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መኖሪያ ፈቃድህን እስክታገኝ እንዴት እንደተንገላታህ አውቃለሁ። ፈቃዱ እጅህ ሲገባም ለራስህ ኮት እንኳ ሳትገዛ መጀመሪያ ያመለከትኸው ሚስትህን ለመውሰድ ነው። ኮርቼብሃለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት፣ የባልሽ ስም ማን ነው ቢሏት አልናገርም አለች ብለው ጻፉልህ። ትዳራችሁ የምር መሆኑን ተጠራጥረናል፣ አንድ ጊዜ ደግመን እንጠይቃታለን፣ ያኔም ካልመለሰች ጉዳዩ ይዘጋል አሉህ። ያን ጊዜ ልብህ ሸፈተ። ሌላ ሰው ይዛ ይሆን ወይ ብለህ አጎትህን የሺዋስን በምስጢር ጠየቅኸው አሉ። የወንድሜ አፍ ወንፊት መሆኑን እንዴት ረሳኸው? ሳይውል ሳያድር ነገረኝ። ተቆጥቼብሃለሁ፤ የተቆጣሁትም ስለምወድህ ነው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ። በኛ ዘመን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም ነበር። እኔ አባትህን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፤ አንቱ እያልሁ አረጀን። በስማቸው የጠራኋቸው አስከሬናቸው ከቤት ሲወጣ፣ በሙሾ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አልሰሙኝም። ሚስትህም ለጠያቂዋ የሰጠቻት ምክንያት ይኸው ነው፤ በአገሬ ወግ የባል ስም አይጠራም አለቻት። አስተርጓሚዋ ሳቀች፤ ጠያቂዋ ግን አልሳቀችም፤ ጻፈች። አብሯት የሄደው የሺዋስ ይህን እዚህ መጥቶ ሲያወራ አገሩ ሁሉ ተደነቀ። የንስሐ አባታችን ቄስ ያርጋል በሰንበቴው ላይ፣ የጥንት ሴት ዛሬም አለች ለካ ብለው መረቋት። እኔም ከሁሉ በላይ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ።

ኋላ ግን ነገሩን አሰብሁት። ልጄ፣ ከሚስትህ ከስንቅነሽ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የምኖረው እኔ ነኝ። ዳባት ተምራ ያደገች የዛሬ ልጅ ናት። ስልክ ባልደወልህ ቀን ፎቶህን እየወለወለች በስምህ እየጠራች ትቆጣሃለች። አንተ ስትደውል ደግሞ ከጓሮ እስከ ደጅ ስምህን እየጮኸች ትሮጣለች። ታዲያ ወጉ አዲስ አበባ ላይ ብቻ እንዴት ትዝ አላት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከፋሲካ ወዲህ የምታደርገውን ብቻ ልንገርህ። ከደጃፋችን እስከ መጸዳጃው ድረስ ገመድ ወጥራለች። ልብስ ማስጫ ነው ትላለች፤ ልብስ ግን ተሰጥቶበት አያውቅም፣ ቁመቱም ለእጄ ልክ ነው። የቤቱን ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ ቦታ አስይዛ፣ እንግዳ በርጩማ ሲያዛውር እንደ ነብር ትቆጣለች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብርድ ብርድ አለኝ ብላ ክንዴ ውስጥ ትገባለች፤ ድንጋያማው መንገድ ጋ ስንደርስ ጠበቅ ታደርገኛለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ወደ ቤታችን ብቅ ሲል ገና ከበር፣ ጋሽ ደምለው መጡ፣ እትዬ ውቢት መጡ እያለች ስማቸውን ጮክ ብላ ትጠራለች። እኔም ቀና ብዬ፣ ደምለው እንደምን ዋልህ፣ ውቢት እንደምን ዋልሽ እላለሁ። እስከ ዛሬ በመንደሩ የጠረጠረ የለም። ለኔ ብላ የሰውን ሁሉ ስም ስትጠራ የምትውል ሴት ናት ያንተን ስም መጥራት ያቃታት? እኔ ስወልድህ እንኳ እንደዚህች ያለች ልጅ አገኛለሁ ብዬ አልተመኘሁም። ዕድሜዬን ሁሉ አማት ይፈራል ሲባል ነው የሰማሁት፤ እኔ ግን ምራቴን በአድናቆት ፈራኋት።

እንዲህም ሆኖ ዝም አላልሁም። የሷ ደግነት የአንተን ቤት ሊያፈርስ ነው። ያለፈው እሑድ ቄስ ያርጋልን አስጠራሁና በፊታቸው ተናገርሁ። የባል ስም የማይጠራው ለአማት ክብር ነው፤ እንግዲህ አማቷ እኔ ከወጉ ፈትቻታለሁ አልሁ። ዛሪማ ያለችው የእህቴ ልጅ አልጣሽ ለኅዳር ሚካኤል መጥታ ከኔ ጋር ልትኖር ተስማምታለች፤ ልጆቿን ድራ ብቻዋን ነው ያለችው። ገመዱ የት እንዳለ እነግራታለሁ ስል ስንቅነሽ አለቀሰች። ቄስ ያርጋል ስለምን ገመድ እንደምናወራ ግራ ገባቸው። ከዚያ፣ በይ አሁን የባልሽን ስም ጥሪልኝ አልኋት። እምቢ አለች። ከልጅዎ ርቄ መልካም ሚስት መሆን አልችልም፣ እርስዎን ጥዬ ግን እንዴት ሆኜ እሄዳለሁ አለችኝ። ሄደሽ ልጄን ካላሳረፍሽልኝ ነው የጣልሽኝ አልኋት። በመጨረሻ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ ጠራችህ። ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ደግመው ሲጠይቋት ትመልስላቸዋለች፤ በታቦት ፊት ቃል ገብታልኛለች። አንተም የጠረጠርኸውን አንዲት ቃል እንዳትነግራት፤ እዚሁ ወረቀት ላይ ይቅር። ስትመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄደህ ተቀበላት፤ በብርድ እንዳታቆማት። ስለ እኔ አትጠይቃት፤ ብትጠይቃትም አትነግርህም። መነጽር ብልክ ይሻል ይሆን ብለህ ደግሞ አትድከም፤ ጎንደር ዓይኔን ያየው ሐኪም የሚለውን ብሎ ጨርሷል።

የአባቶቼ አምላክ በሄዳችሁበት ይቅደማችሁ፤ እንጀራችሁን አይንሳችሁ፤ እሷ እኔን እንደያዘችኝ እናንተንም ክንዳችሁን ይያዛችሁ። ልጅ ስትወልዱ ፎቶ መላክ አያስፈልግም። ስንቅነሽ እንደ ልማዷ በስልክ ስሙን ጮክ ብላ ትጥራልኝ፤ ማን እንደመጣ እንዳውቅ።

የምትወድህ እናትህ