ጉልበቴን ማን ጨረሰው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መብራት መጣ። ላፕቶፑን ሰክቼ ጨዋታው ውስጥ ገባሁ... አሸዋ ላይ ወድቄያለሁ።

ብቻዬን። መርከቧ የለችም። የጉልበት መስመሬ ባዶ ሆኖ ቀዩ ብልጭ ድርግም ይላል።

ባዶ! እኔ? ይሄን የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ከጀመርኩ መስመሩን ጨርሼ አላውቅም። መቅዘፍ ይሁን፣ ምሰሶ መውጣት ይሁን፣ ሰይፍ መማዘዝ ይሁን፣ ሩብ ያህል ሲቀረኝ እጄን አነሣለሁ። ጨርሶ ካለቀ ቶሎ አይመለስማ። ውሃ ውስጥ ከሆንሽ ትሰምጫለሽ፣ ፍልሚያ ላይ ከሆንሽ ሰይፍሽን ማንሣት አቅቶሽ ቆመሽ ትታረጃለሽ። ይሄንን ለሁሉም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከመስመሩ በላይ አንድ ጽሑፍ አለ፦ «ጣቢታ የፉሪን መሪ ለወንዴ አስረከበች።»

መቼ? ሰበታ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ላፕቶፔ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

ወንዴ ጋ ደወልኩ። አያነሣም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ነገሩን እንደሆነው ልጻፈው። በኋላ «ተሳስተሽ ነው» ሲሉኝ ራሴን እንዳልጠራጠር።

ፉሪ መርከቤ ናት፤ መሪዋን የሚይዘው ካፒቴኗ ነው። ከማዕበል የተረፈ ሳንቃ ለቅሜ ነው የጀመርኳት፣ ስሟንም እኔ አወጣሁላት። አብረውኝ ወንዴ፣ ማለትም ወንዳፍራሽ፣ ከቡራዩ፣ ሶፊ ከሱሉልታ ገቡ። ቆይቶ ዲሪባ ተጨመረ፣ እሱ እንደኔ የሰበታ ልጅ ነው።

መብራት የሄደበት ሰው አካሉ ጨዋታው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ ጉልበቱ ይመናመናል። መብራት ደግሞ እዚህ ሲሄድ እዚያ አለ። ስለዚህ ልማድ አወጣን። መብራት ያለው የሌላውን አካውንት ከፍቶ ዓሣ ያበላዋል፣ አልጋ ላይ ያስተኛዋል። «ሶፊ፣ ጠፋብኝ፣ አስተኚኝ።» ስንቴ ስቀንበታል! ፓስዎርድ የተሰጣጣነው ለዚህ ነው። ሌላ አገር ያለ ተጫዋች ቢሰማ ዕብዶች ይለናል።

ትናንትም በስልክ ለወንዴ ጻፍኩለት። «መብራት ሄደብኝ፣ አስተኛኝ።»

«ተኚ ካፒቴኔ» ብሎ መለሰ።

አላስተኛኝም። የጨዋታው መዝገብ ላይ አየሁት፤ አስነሥቶ አስቀዘፈኝ። ፉሪን በእኔ እጅ፣ በእኔ ጉልበት፣ የአዲስ አበባ ልጆች ያሉበት የሌላ ቡድን ወደብ ድረስ ወሰዳት። መሪውን በእኔ እጅ ለራሱ ሰጠ። ከዚያ አሸዋው ላይ ጣለኝ...

ፓስዎርዴን ቀየርኩ። አሁን ምን ሊጠቅም?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ወንዴ ተጫዋቹ ሁሉ ያለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፈ። «ጣቢ ሥራ ስለበዛባት መሪውን በፈቃዷ አስረክባኛለች። ስለ ልፋቷ እናመስግናት።»

ልብ፣ ጭብጨባ፣ «ጀግኒት»... የመጀመሪያዋን ልብ ያስቀመጠችው ሶፊ።

ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና እያየሁ አላይም። ኅዳር ላይ ውድድር አለ። መድረክ ላይ የሚቆመው፣ ስሙ የሚጠራው የመርከቧ ካፒቴን ነው። ከተመዘገቡት ካፒቴኖች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን የለሁም። ያውም በፈቃዴ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

በመጨረሻ አነሣው።

«ጣቢዬ፣ አታካብጂ። ላንቺ አስቤ ነው።»

«ለእኔ?»

«ሥራ አለሽ፣ ፈረቃ አለሽ። አዲስ አበባዎቹ ደግሞ አብረናችሁ የምንገባው ካፒቴኑ ወንድ ከሆነ ነው አሉ። ምን ላድርግ?»

«ጠየቅኸኝ?»

ወሬውን ወደ ውድድሩ መለሰ።

«ወንዴ፣ ጠየቅኸኝ ወይ?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም ነበር።»

«አየሽ!»

አየሽ አለኝ። እምቢ ማለቴ እሱን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ እኮ ነው የመሰለው። ስልኩን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እማዬ እራት ላይ አፈጠጠችብኝ።

«ጨዋታ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እሱን ለዓይንሽ ንገሪው።»

ነገርኳት። ስለ ባሕሩም ስለ መርከቡም ብዙ አልገባትም፣ ስለ ፓስዎርዱ ግን ወዲያው ገባት። እኔ ቀድሜ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ ቁልፌን ለጎረቤት ለወርቅቱ ትቼ ገበያ እሄድ የለ? ብትሰርቀኝ ሌባዋ እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«እንግዲያው ብዪ።»

በላሁ። ከቅዳሜ ወዲህ የጣመኝ ምግብ ይሄ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዲሪባ ግሩፑ ላይ ጠየቀ። ማንም አልገፋፋውም። «ቅዳሜ እኮ ሰበታ መብራት አልነበረም። ጣቢ በምን ገብታ ነው ያስረከበችው?»

ወንዴ፦ «ጄኔሬተር አላቸው።»

ዲሪባ፦ «የማን ጄኔሬተር? ቤታቸውን አውቀዋለሁ።»

ወንዴ፦ «ወንድሜ፣ የሰው ፍቅረኛ ነገር ውስጥ አትግባ።»

ፍቅረኛ! የማን? መቼ? አንድ ውሸት አልበቃ ሲለው... ከሥር የሳቁት ብዛታቸው! ክርክሩ በዚያው ሞተ። ከወንዴ ጋር ተጣልቼ የማኮርፍ ሴት ሆኜ ቀረሁ።

ዲሪባ ለብቻ ደወለልኝ። «አካም ጂርታ፣ ካፒቴን?» እንዴት ነሽ ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። አሁንም ካፒቴን ይለኛል። «ገለቶሚ በዪኝ እንጂ፣ አመስግኚኝ» ብሎ አሳቀኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ሱሉልታ ሄድኩ። ታክሲ እየቀያየርኩ፣ እንጦጦን ስንወጣ በጉም ውስጥ። ሳልደውል ነው የሄድኩት። ሶፊ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጣቢ... ግቢ፣ ይበርዳል።»

«አልገባም። ያን ቅዳሜ መርከቧ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«እኔን የሚያንቀሳቅሰኝ ማን እንደሆነ አውቀሽ ነበር?»

መሬት መሬቱን አየች። «መጀመሪያ አንቺ መስለሽኝ ሰላም አልኩሽ። አልመለስሽም። ከዚያ መቅዘፍ ቀጠልሽ። መስመሩ ሩብ ደረሰ፣ አላቆምሽም። ቀላ፣ አላቆምሽም። ባዶ ሲሆን... አንቺ እንዳልሆንሽ ያኔ አወቅኩ። አንቺ እንደዛ አትቀዝፊም።»

«ከዚያስ?»

«ደወልኩለት። 'ዝም በዪ፣ ውድድሩ ላይ አስገባሻለሁ' አለኝ።»

«ዝም አልሽ።»

«ጣቢ፣ ዕድሜ ልኬን ከዚህ ሰፈር ወጥቼ የትም ተወዳድሬ አላውቅም...»

«ልቧስ? ግሩፑ ላይ ቀድመሽ ያስቀመጥሻት?»

አለቀሰች። አላቀፍኳትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቅፋት ነበር።

ወንዴን ሌባ ነው ብዬ እልፈዋለሁ። ሶፊ ግን ከብዙ ሰው መሀል በአቀዛዘፌ ለይታ ታውቀኛለች፣ እያወቀችኝ ዝም አለች። ይሄኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

እነ ወንዴ ልምምድ ላይ እየተሸነፉ ነው። ዲሪባ ነገረኝ። አዲስ አበባዎቹ ገና ጠላት ሳይጠጉ ቀዝፈው ቀዝፈው ጉልበታቸውን ይጨርሳሉ፣ ፍልሚያው ሲጀመር ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያለከልካል። በባዶ ሆዳቸው፣ በረጠበ ልብስ ይዋጋሉ፤ ከመግጠማቸው በፊት የበሰለ ዓሣ በልተው፣ እሳት ዳር ደርቀው፣ እየተፈራረቁ ቢቀዝፉ መስመሩ ይረዝም ነበር። ግማሹ ሲቀዝፍ ግማሹ ቁጭ ማለት አለበት። ቁጭ ማለት ሥራ መሆኑን ግን ማን ያስረዳቸው? ወንዴ «በርቱ! በርቱ!» ይላል አሉ።

ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። አልዋሽም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከወንዴ የድምፅ መልእክት። አልከፈትኩትም። ሲደርቅ ይዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ከፈትኩት።

«ጣቢዬ፣ ይቅርታ። ከልቤ ነው። አጥፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ይሄን ግን በእኔና በአንቺ መሀል እናድርገው፣ ግሩፑ ላይ ካወጣሁት ልጆቹ ይበተኑብኛል። ነዪና የጉልበቱን ነገር አስተምሪን። መድረክ ላይ ስሜ ሲጠራ የአንቺንም እጠራለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ሁለቴ ሰማሁት። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነው፣ መብራት ሲመጣ «ካፒቴኔ ነቃሽ?» የሚለው። ለአፍታ ልቤ ራራ... ውሸት ምን ያደርጋል።

መለስኩለት። «ያልከውን እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፈው። በፈቃዷ አይደለም፣ ፍቅረኛዬም አይደለችም በል። ያን ዕለት እመጣለሁ።»

«እንደዛማ አልችልም።»

«እንግዲያው ደህና ሁን።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ራሴ ጻፍኩት። ያለ ስድብ፣ ያለ ቃለ አጋኖ። መብራቱን፣ ፓስዎርዱን፣ እሱ ራሱ ያመነውን። የድምፅ መልእክቱንም ከሥር አያያዝኩት። ለሶፊ አስቀድሜ ነገርኳት፣ አንድ መስመር ብትጨምር ብዬ። «ያስወጡኛል» አለችኝ።

ወዲያው እኔን አስወጡኝ። እስኪያስወጡኝ ድረስ ግን ብዙ ሰው አንብቦታል። ዲሪባም «እኔም ወጣሁ» ብሎ ወጣ። ሶፊ እዚያው ናት።

ምዝገባው ስላለቀ ዘንድሮ ውድድር የለኝም። መድረኩ ላይ ወንዴ ይቆማል፣ በፉሪ። ይሄን መጻፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ከዲሪባ ጋር ታንኳ ጀምረናል፤ ሸራ እንኳ የላትም። ትናንት የሰበታ መብራት ለሁለታችንም ሲሄድ አካሌ ዝናብ ላይ ቆሞ አደረ፣ ስመለስ ጉልበቴ ግማሽ ወርዶ ጠበቀኝ። ይውረድ። አብልቼ፣ አድርቄ መለስኩት።

አመሻሽ ላይ ወንዴ እንደገና በግል ጻፈልኝ። «አዋረድሽኝ። ይቅርታ ብዬሽ አልነበር?»

ብሎኛል። ማንም በማይሰማበት። የዋሸብኝ ግን በሰው ሁሉ ፊት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ይቅርታ ከማንም አልቀበልም፣ ከእሱም፣ ከሶፊም። ስሜን ያጠፋ ባጠፋበት ቦታ ቆሞ ይመልሰው፤ ካልቻለ በሬን አያንኳኳ።