ሶኬቱን ስለነቀለው ሰው

ለከተማው ውሃ አገልግሎት የመረጃ ክፍል ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የማስታወስ ችሎታዬም በክፍልዎ ካለው ማሽን ጋር ሲነጻጸር እጅግ የሚያስቀና ነው። ይህን ደብዳቤ ሕዝብ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ምናልባት እነሱንም በዚያው ማሽን ውስጥ አስቀምጠዋቸው ይሆናል ብዬ ስለገመትኩ አልተቀየምኩም።

አንባቢ እንዳይደናገር ማንነቴን ላስረዳ። ጡረታ የወጣሁ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት የፈነዳ ቧንቧ ለመጠገን ብቻ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ከቫልቭ ላይ ጽሑፍና ከተቀደዱ ጋዜጦች ነው። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎቴ ከመሬት በታች በእጄ የነካሁትን ሁሉ በካርድ ላይ አሰፈርኩ። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ ይህ ቫልቭ ያንን መንገድ ይዘጋል። ያ መንገድ ከዚህ ማጠራቀሚያ ውሃ ያገኛል። ይህ ቧንቧ በዚያ ቧንቧ ሥር ያልፋል። ካርዶቹ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው።

ሰማያዊ ሸሚዝ የማይለየው ባለሙያዎ አምና ቤቴ ድረስ መጥቶ ካርዶቹን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሳያውቁት ግራፍ ነው የሠሩት» አለኝ። እንዳስረዳኝ፣ ነገርን ከነገር በዝምድናው የሚያያይዝ የመረጃ ቋት አለ፤ ዓረፍተ ነገሮቼ ልክ እንዳሉ ይገቡበታል። ከዚያ «የወሊድ ክሊኒኩ ውሃ ሳይቋረጥ ይህን መንገድ ለመዝጋት የትኛው ቫልቭ ይዘጋ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሽኑ ካርድ ከካርድ እያገናኘ ራሱ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ሳነብ፣ የክፍልዎ መዝጋቢ ስትጽፍ፣ የመጨረሻዋን ካርድ አስገባን። በዚያው ሳምንት፣ ሁላችንም እታለም የምንላት የጽዳት ሠራተኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የወለል መወልወያ ለመሰካት አንድ ሶኬት ነቀለች፤ ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ ከስድስት ሺህ ካርድ አንዱንም አያውቅም ነበር። እርስዎም እታለምን ከሥራ አገዷት። የፊታችን ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሊያሰናብታት ይሰበሰባል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማሽኑን ሲያስተክሉ የተማረውን በሜሞሪው ብቻ እንዲይዝ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። መዝገበ ቃላት ታቅፌ ማኑዋሉን በሦስት ሳምንት አንብቤ ጨርሻለሁ። በአርባ አንደኛው ገጽ እንደተጻፈው፣ ይህ አሠራር ለሙከራ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉም ይጠፋል። መረጃው በዲስክ ላይ እንዲጻፍ ከተፈለገ የማሽኑ አሠራር በሚታዘዝበት የቅንብር ፋይል ውስጥ የማኅደሩን አድራሻ የሚናገር አንድ መስመር መሙላት ይበቃል። አንድ መስመር ነው፣ ክቡር ሆይ። እኔ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት መስመር ጽፌ አልደከመኝም።

፪ኛ. ይህ ከታወቀ በኋላ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ አመሰግናለሁ። ከሶኬቱ በላይ «መንቀል በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ቀይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ መሰኪያው በፕላስተር ታሰረ፤ ከጎኑም ወንበር ወጥቶ ጥበቃ ተቀመጠ። የአንድ ከተማ የውሃ መስመር ዕውቀት በፕላስተር ተይዞ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔ በሥራ ዘመኔ በፕላስተር የያዝኩት ቧንቧ ሁሉ በሳምንቱ ፈንድቷል። መብራት የሚያጠፋው መሥሪያ ቤትም ማስታወቂያዎን አንብቦ ፈርሞ እንደሆነ ቢያሳውቁኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

፫ኛ. በሦስተኛው ደብዳቤዬ ላይ መስመሩ ይሞላ ብዬ ብለምንዎ፣ አዎ፣ መልስ ባይጽፉልኝም አስሞልተውልኛል። ባለ ሰማያዊ ሸሚዙ ባለሙያ የጻፈው አድራሻ ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ራሱን ባዶ የሚያደርገው የጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ነው። መጠባበቂያ ቅጂውም እዚያው ከዋናው ጎን ተቀምጧል፤ ሲጠፉ እንዳይነፋፈቁ ይመስለኛል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ በትክክለኛው ማኅደር ላይ ሰርቨሩ የመጻፍ ፈቃድ የለውም፤ ይሄኛው ግን ለማንም ክፍት ነው» አለኝ። ሰው ቁልፍ አጣሁ ብሎ ዕቃውን ጎዳና ላይ እንደሚያሳድር አላውቅም ነበር።

፬ኛ. ያንን ፈቃድ መስጠት በማኑዋሉ መሠረት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። በእርስዎ ዘንድ ግን የኮሚቴ ሥራ ሆኗል፤ ኮሚቴው ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አልተሰበሰበም። ሰብሳቢው የት ሄዱ ብል፣ ስለ ዘላቂ የመረጃ አያያዝ ሥልጠና ላይ ናቸው ተባልኩ። እግዚአብሔር ዕውቀት ይጨምርላቸው። ይህ ኮሚቴ ለመሰብሰብ ጊዜ ሲያጣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ቀን ቆርጦ፣ ሰዓት ወስኖ፣ አዳራሽ ይዞ መጠበቁ የተቋሙን ቅልጥፍና ያሳያል።

፭ኛ. እታለምን በተመለከተ። አሥራ ስድስት ዓመት ያንን ኮሪደር ወልውላለች። በእገዳ ደብዳቤዋ ላይ «የተቋሙን የዕውቀት ሀብት ሆን ብላ አውድማለች» ይላል። አነበብኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አባባ፣ እኔ ሶኬት ነቀልኩ እንጂ ከተማ አልነቀልኩም» አለች። ሠላሳ አራት ዓመት በዚያ መሥሪያ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ የቴክኒክ ሪፖርት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ባለሙያዎ «ችግሩ ተቀርፏል» ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ፣ እኔና መዝጋቢዋ ከመጀመሪያው ጀምረን ዘጠኝ መቶ ካርድ እንደገና አስገብተናል። ባለፈው ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ መዝጋቢዋን የማስበውን ነገርኳት። እሷም፣ «ይንቀሉት። ሁሉን ጨርሰን ከሚጠፋ አሁን ይጥፋ» አለችኝ። ጥበቃው እኔን ለመሳለም ከወንበሩ ብድግ ባለበት፣ ጎንበስ ብዬ፣ ፕላስተሩን ልጬ፣ ሶኬቱን በዚህ እጄ ነቀልኩት። ጥበቃው፣ «ኧረ አባባ፣ ምን አደረጉ?» ሲለኝ፣ «ያው እታለም ያደረገችውን» አልኩት። መልሼ ሰካሁት። ማሽኑ እስኪነሳ ቆመን ጠበቅን። መዝጋቢዋ የወሊድ ክሊኒኩ ውሃ በየትኛው ቫልቭ በኩል እንደሚሄድ ጠየቀችው። መልሱ ዜሮ ነበር። ዘጠኝ መቶውም ካርድ የለም። መዝጋቢዋ ወረቀት አውጥታ ሰዓቱንና ያየችውን ጽፋ ፈረመች፤ ጥበቃው ከብዙ ማመንታት በኋላ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ዓርብ ለሚሰበሰበው ኮሚቴ ሥራውን ላቅልለት። ሶኬት መንቀል ዕውቀት ማውደም ከሆነ፣ ሁለተኛው አውዳሚ እኔ ነኝ፤ እታለም ሳታውቅ ስትነቅል እኔ ግን እያወቅኩ ስለነቀልኩ ጥፋቴ ከእሷ ይበልጣል። ቅጣቷን በእጥፍ ለእኔ ያድርጉልኝ፤ ጡረተኛን ከምን እንደምታሰናብቱት ለማየት ጓጉቻለሁ። ጥፋቱ የዚያች የአንዷ መስመር ከሆነ ደግሞ፣ መስመሯን ባዶ የተወ፣ በኋላም ወደ ጊዜያዊው ማኅደር የላካት ሰው በቢሮዎ አካባቢ ስለሚገኝ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓርብ ከጧቱ ሁለት ሰዓት በኮሚቴው በር ላይ እገኛለሁ። የተፈረመው ወረቀት በኪሴ ነው።

ካርዶቼን በተመለከተ፣ በቤቴ በብረት ሣጥን ውስጥ ደርቀውና ተደርድረው ይገኛሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የማነበው እታለም ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ሰርቨሩ በዲስክ ላይ የመጻፍ ፈቃድ አግኝቶ፣ ክቡርነትዎ በገዛ እጅዎ ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ማሽኑ አንዲት ካርድ እንኳ ካስታወሰ ነው። እስከዚያው ቧንቧ ከፈነዳ ቤቴን ታውቃላችሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴም የለውም።

ለከተማችን ስለሚያሳዩት ትጋት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ የጀመሩት ሁሉ እንደ ማሽንዎ ሳይሆን እንደ ሰው እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳው፣

በጡረታ ላይ የሚገኘው የቧንቧ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለእታለም (በቃል አነብላታለሁ)
በኮሪደሩ ለሚገኘው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከቀዩ ማስታወቂያ አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመዝጋቴ በፊት ሁለት አዳዲስ ካርዶች ጽፌ አያይዣለሁ። ካርድ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አምስት፦ የጽዳት ሠራተኛዋ ሶኬት ነቀለች። ካርድ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት፦ የክፍሉ ኃላፊ መረጃ አጠፋ። ሁለቱን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም። በቀለም የተጻፉ ስለሆኑ መብራት ሲጠፋም ይቆያሉ፤ ከተጠራጠሩ ነቅለው ይሞክሩ።